ጆሮም ዕድሜ አለው

ሰቆጣ ከተማ ያላችሁ፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው የዝቋላ ቆላ ፍየል የምትጠብቁ፣ በደጋው እርሻ ላይ የዋላችሁ፣ ቤት ውስጥም ቡና እያፈላችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ዛሬ የምናወጋው ስለ ዘፈን ነው። ስለ ዘፋኙ ግን አይደለም፤ ስለሚሰማው ሰው ጆሮ ነው። በልጅነታችን የወደድነው ዜማ ጎረምሳ ስንሆን ለምን ያሳፍረናል? በሃያ ዓመታችን ያስጨፈረን ዘፈን በስልሳ ዓመታችን ለምን እንባ ያመጣብናል? አባት የልጁን ዘፈን ሲሰማ ለምን «ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው?» ይላል?

እስቲ በሐሳብ ዋግ ውስጥ ወዳለችው ፅፅቃ እንሂድ። ቀኑ ነሐሴ 16 ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ተፈትቶ የሻደይ በዓል ተጀምሯል። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ የሻደዩን ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ አንግበው ከአንዱ ግቢ ይገባሉ። አንዷ ታወጣለች፣ የቀሩት ይቀበሏታል። ከኋላቸው የስድስት ዓመት ልጅ ግጥሙን ሳትይዘው በእግሯ ምቱን ይዛ ትከተላለች። የቤቲቱ እመቤት ስጦታ ለማውጣት ወደ ጓዳ ገብታለች፤ ከበሮውን በግማሽ ጆሮ እየሰማች እንጀራው ይበቃ እንደሆነ ታስባለች። አያቲቱ መደቡ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከንፈራቸው የሚያወጣው ግጥም ግን ልጆቹ የሚሉት አይደለም፤ እሳቸው በልጃገረድነታቸው ያሉት ነው። የሚመታው ከበሮ አንድ ሆኖ ሳለ አራቱ ወገኖች የሚሰሙት ለየቅል ነው። የዛሬው ትምህርታችን የዚህ ምክንያት ምንድን ነው የሚል ነው።

ከትንሹ እንጀምር። ጽንስ ከስድስተኛው ወር አካባቢ ጀምሮ በእናቱ ሆድ ውስጥ ድምፅ ይሰማል። ከተወለደ በኋላ ደግሞ በጆሮው ብቻ አይሰማም፤ በመላ አካሉ ነው። ይህን በሚገባ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች የሰባት ወር ሕፃናትን አንድ ዓይነት የከበሮ ምት አሰሟቸው። ምቱ ጠንካራና ደካማ የሌለው፣ ወጥ ነበር። ከሕፃናቱ እኩሌቶቹን በየሁለት ምቱ፣ እኩሌቶቹን በየሦስት ምቱ ብድግ ቁጭ እያደረጉ አዘለሏቸው። በኋላ በምርጫቸው እንዲያዳምጡ ሲተዉአቸው፣ እያንዳንዱ ሕፃን አካሉ በዘለለበት ስልት የሚመታውን ረዘም አድርጎ አዳመጠ። ሌላ ሰው ሲዘል ቁጭ ብለው ያዩት ግን ይህን አላሳዩም።

እናቶቼ፣ ይህን ስሰማ ወዲያው የመጣልኝ አንቀልባ ነው። የእኛ አገር ሕፃን ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ እሹሩሩ ይባላል፣ ውሃ ይወርዳል፣ ሰርግ ይሄዳል። እናቱ ትከሻዋን ስትሰብቅ እሱም አብሮ ይሰበቃል። እስክስታ «በደም ውስጥ ያለ» እየተባለ ሲነገር እሰማለሁ። ለእኔ ግን መምህሩ የእናት ጀርባ ይመስለኛል፤ ልጁ ቆሞ ሳይሄድ ምቱን ተምሮ ጨርሷል።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የጆሮ መለወጥ ምን ያህል በጊዜ እንደሚጀምር ያሳየናል። የሰሜን አሜሪካ ሕፃናት በስድስት ወራቸው፣ ቤተሰባቸው ሰምቶት በማያውቀው የባልካን አገሮች ሙዚቃ ውስጥ ምቱ ሲዛነፍ ያውቁ ነበር። ወላጆቻቸው ግን አያውቁም። በዓመታቸው ሕፃናቱም እንደ ወላጆቻቸው ሆኑ፤ የቤታቸውን ምት እንጂ የሰውን አገር አይለዩም። ያንን ሙዚቃ ለሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ቢያሰሟቸው የጠፋው ችሎታ ተመለሰላቸው፤ አዋቂዎቹ ግን ያንኑ ያህል ቢሰሙም እንደ ልጆቹ አልሆነላቸውም። እንግዲህ ጆሮ የአገር ጆሮ የሚሆነው ገና አፍ ሳይፈታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት የልጅነት ዓመታት ለሁሉም ዓይነት ዜማ የተከፈቱ ናቸው። ዴቪድ ሃርግሪቭስ የተባለ የእንግሊዝ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1982 ያስተዋለው ይህንን ነው፤ ትንሽ ልጅ «ይሄ የሽማግሌ ነው፣ ይሄ የባላገር ነው» ብሎ አይመርጥም። የዋግ እረኛ ልጅ ዋሽንቱን ይነፋል፣ ቡሄ ሲደርስ ነሐሴ 13 ጅራፉን ያጮሃል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ማታ ጎረቤት ቤት ከሬዲዮ የሰማውን ዘፈን በማግሥቱ ሜዳ ላይ ይደግመዋል። አንዱ ሌላውን አያስጠላውም። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ የእረኛ ጆሮ ከየአቅጣጫው የመጣውን ሁሉ ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆያለን።

ከአሥራ ሁለት፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት ጀምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ያለው ዘመን በሰው የዘፈን ታሪክ ውስጥ ወደር የለውም። ርጥብ እንጨት እንደተቃናበት እንደሚደርቅ፣ ጆሮም በዚያ ዘመን በያዘው ላይ ይደርቃል። ሆልብሩክና ሺንድለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት በተለያየ ዕድሜ ላሉ ሰዎች ከተለያዩ ዘመናት የተወሰዱ ዘፈኖችን አሰምተው «የትኛውን ትወዳላችሁ?» ብለው ነበር። ሰዎቹ በአማካይ አብልጠው የወደዱት በ23 እና በ24 ዓመታቸው መካከል ሳሉ ወጥቶ የነበረውን ሆኖ ተገኘ። የማስታወስ ጥናቶችም ከዚህ ጋር ይስማማሉ፤ አረጋውያን ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመታቸው የሆነውን ከሌላው አብልጠው ያስታውሳሉ።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ነገሮች የሚበዙት በዚያ ዕድሜ ነው፤ የመጀመሪያ ፍቅር፣ ከቤት የመጀመሪያ መራቅ፣ በራስ ገንዘብ የተገዛ የመጀመሪያ ልብስ። ደስ የሚል ዘፈን ስንሰማ አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር እንደሚመነጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። ዶፓሚን ሲርበን ምግብ ስናገኝም የሚሠራ ነው፤ በጉርምስና ጊዜ ይህ የደስታ መንገድ እጅግ ስሜታም ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግን እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለእኩያ ነው። ሰው በዚያ ዕድሜ ዘፈንን ለብቻው አይወድም፤ ከእኩዮቹ ጋር ይወዳል። «እኛ» የሚለው በዘፈኑ ውስጥ አለ።

ሻደይን ከዚህ አንፃር ተመልከቱት። እናቶቻችን ይህን ጥናት ሳያነቡ፣ ልጃገረዶች በዚያው ዕድሜ ላይ ሳሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከነሐሴ 16 እስከ 21፣ ከእኩዮቻቸው ጋር፣ ከአባትና ከእናት ቁጥጥር ወጣ ብለው፣ እያጨበጨቡ፣ ከበሮ እየመቱ፣ አንዷ ስታወጣ ሌላዋ እየተቀበለች እንዲዘፍኑ አድርገዋል። አካል አለ፣ ጓደኛ አለ፣ የመታየት ደስታ አለ፣ ጎረምሶችም ከዳር ቆመው ያያሉ። ዜማ በሰው ልብ ውስጥ ለዕድሜ ልክ የሚተከልበት ሁኔታ ሁሉ ተሟልቷል። አያቲቱ መደቡ ላይ ሆነው የራሳቸውን ግጥም የሚሉት ለዚህ ነው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው የተተከለው አልተነቀለም።

በከተማው ያለውን ብታዩም ሕጉ ያው ነው፤ የሚለወጠው ዘፈኑን የሚያመጣው ዕቃ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የእነ ዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ በአዲስ አበባ የነበረው የሃያ ዓመት ወጣት ጆሮው በዚያ ላይ ደረቀ። ለእሱ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ የዘፈን መጀመሪያም መጨረሻም ናቸው። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ሌሊቱ ዝም ሲል ካሴት ቤት ለቤት ገባ፤ ያን ጊዜ ወጣት የነበረው ሰው፣ ነዋይ ደበበን፣ ኤፍሬም ታምሩን፣ ፀሐዬ ዮሐንስን፣ አስቴር አወቀን ከሌላ ጋር ብታወዳድሩበት ይቆጣል። በ1990ዎቹ የጎረመሰው በቴዲ አፍሮ፣ በ2010 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገባው በሮፍናን ይምላል። እያንዳንዱ ትውልድ ወርቃማው ዘመን የእኛ ነበር ይላል፤ እያንዳንዱም ከልቡ ነው።

ወደ ዋግ ገጠር ግን ሸክላውና ማጫወቻው የዘለቁ አይደሉም፤ የከተማ ነገር ነበሩ። እኛ ጋ የደረሰው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ፣ ቀጥሎም ቴፕና ካሴት ነው። ዋግ ቀድሞ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ስለነበረ የወሎ ኪነት ድምፅ ለዚህ አገር ጆሮ ቅርብ ነው። አምባሰልና ባቲ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ ሲሆኑ፣ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው፤ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንቆረቁር የዋግ ሰው ባዳ ሆኖ አይሰማትም። ዛሬ ደግሞ ልጁ ገበያ ወርዶ ሚሞሪ ካርዱን ለሞባይል ቤቱ ይሰጣል፣ «ሙላልኝ» ይላል፣ በመቶ የሚቆጠር ዘፈን በኪሱ ይዞ ወደ ቀበሌው ይመለሳል። ከአያቱ የሚለየው በምኑ ነው ብትሉኝ፣ አያቱ ዘፈኑን ከእኩዮቿ ጋር ሆና ትሠራው ነበር፤ እሱ የተሠራውን ለብቻው በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ እኔን በጣም ያሳስበኛል።

ከሃያዎቹ በኋላ ምን ይሆናል? በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ከ250,000 በላይ ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። በጉርምስና የሚወደደው ኃይለኛና ጯሂ ሙዚቃ ነው፣ ወጣትነት ሲበስል ለስለስ ያለውና የሚያስደንሰው ይከተላል፣ በጎልማሳነት ደግሞ የረቀቀው ወይም ቀለል ያለው የአገር ቤት ዓይነት ቦታ ያገኛል። ሰው ለሙዚቃ የሚሰጠው ጊዜና ትኩረትም እየቀነሰ ይሄዳል።

ይህ ጥናት በፈረንጅ አገር የተሠራ ስለሆነ ለእኛ ሙሉ በሙሉ ይሠራል አልልም። ቀዬው ላይ የሚኖር የዋግ ጎልማሳ ዘፈን ቀነሰ ማለት አይቻልም፤ ዘፈኑ ሥራ ያዘ ማለት ይሻላል። ለደቦ ሲወጣ፣ ነዶ ሲወቃ፣ ሰርግ ሲጠራ፣ ሽለላና ቀረርቶ ሲያስፈልግ፣ ሐዘን ሲደርስ ሙሾ ሲወርድ፣ ቀኑ የሚፈልገውን ያወጣል። «የምወደው ዘፈን የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ወደ «ዛሬ የሚገባው ዘፈን የትኛው ነው?» ይዞራል። ያገባች ሴትም በሻደይ ተቀባይ ሆና ከበሮ ይዛ ቤት ለቤት መዞሯን ትተዋለች፤ ስጦታ ሰጪ ትሆናለች። እየሰማች ግን ትመዝናለች፤ የዘንድሮዋ አውጪ ድምፅ ያምራል፣ የዛሬ ሁለት ዓመቷ ትበልጣለች፣ ምቱን አፍጥነውታል ትላለች። ወጣቶች ይህን ነቀፋ ብለው አይቆጡ፤ ዜማውን የሚጠብቀው ይህ መመዘን ነው።

ስለ እርጅና ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው የአካል ጉዳይ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ በመጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን፣ ከፍተኛውን ድምፅ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ፀ የሚሉት ድምፆች እዚያ ላይ ናቸው። ወፍራሙ የባስ ጊታርና የከበሮ ድምፅ ግን ይሰማል። ስለዚህ አባታችሁ አዲስ ዘፈን ሰምተው «ዱብ ዱብ ብቻ ነው፣ ግጥሙ የት አለ?» ቢሉ እልኸኝነት አይምሰላችሁ፤ በእርግጥም ግጥሙ አልደረሳቸውም። በእኛ አገር ይህ ጉዳት ድርብ ነው፤ ምክንያቱም አባቶች ዘፈን የሚወዱት ለቅኔው ነው። አንዲት ፊደል ስትጠፋ ሰሙም ወርቁም አብሮ ይጠፋል። አንድ ሰው ማሲንቆ ይዞ ከፊታቸው ቁጭ ብሎ ሲያንጎራጉር ግን ከንፈሩን ያያሉ፣ ድምፁን የሚሸፍን መሣሪያ የለም፣ ቃሉ ሁሉ ይደርሳል። አዝማሪን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ወደ መንፈሳዊው ዜማ የሚደረገው ጉዞ ነው። ሰው ሲያረጅ ዘፈን ትቶ መዝሙርና በገና፣ ማኅሌትና ቅዳሴ ያዘወትራል፤ በወሎ ሙስሊሙ መንዙማውን ያጠብቃል። ይህ ሞት ስለቀረበ ብቻ የሚደረግ አይመስለኝም። የእኛ ጆሮ ይህንን መለወጥ በየዓመቱ ይለማመደዋል። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀናት ዘፈን ይቀራል፣ በገና ይወጣል፣ ፋሲካ ሲሆን ከበሮው ይመለሳል። በጾመ ፍልሰታ ዝም ያለው ሻደይ ላይ ይፈነዳል። እንዲህ ስድሳ ዓመት የኖረ ሰው በመጨረሻው ወደ በገናው ሲያዘነብል የሚያውቀውን መንገድ ይሄዳል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ አብነት ትምህርት ቤት ገብቶ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይን የተማረ ደግሞ ርጥቡ ጆሮው የያዘው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ነው፤ እሱ ሲያረጅ አልተለወጠም፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ እንጂ።

ትዝታን ደግሞ አስቡ። በሃያ ዓመት የምንሰማው ትዝታ ያማረ ዜማ ነው፤ የሚያስታውሱት ብዙ የለም። በስልሳ ዓመት የሚሰሙት ያው ዜማ ነው፤ ግን አሁን የሞቱ፣ የተሰደዱ፣ በ1977ቱ ድርቅ ቀዬ ለቀው ያልተመለሱ ሰዎች በውስጡ አሉ። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ በአደባባይ ካለቀሱት ውስጥ እሱ ሲጀምር ያልተወለዱ ወጣቶች ብዙ ነበሩ። እነሱስ ከየት አመጡት?

ለዚህ መልስ የሚሰጥ አንድ ጥናት በ2013 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ወጥቷል። የሃያ ዓመት ተማሪዎች የራሳቸውን ዘመን ዘፈን ብቻ ሳይሆን ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ የወጡትንም፣ ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የነበሩትንም በተለየ ሁኔታ ይወዱና ያስታውሱ ነበር። ተመራማሪዎቹ አንድም ቤት ውስጥ ሲሰሙት ስላደጉ፣ አንድም ሙዚቃው በእርግጥ ጥሩ ስለሆነ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ስለዚህ አባት በልጁ ዘፈን ከመቆጣት ይልቅ የራሱን ቤት ውስጥ ቢያሰማ ዜማው ወደ ልጁ ይሻገራል። የሚሻገረው ግን ልጁ በሚሰማበት ዕድሜ ከተሰማ ብቻ ነው።

እኔ ስለ ዋግ ልጆች የምጨነቀው እዚህ ላይ ነው። አያቶች በኽምጣና ቋንቋ ያዜሟቸው የሻደይ ግጥሞች አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው በአማርኛ ያድጋሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ሰቆጣና አካባቢዋ ተጠልሎ ነበር። ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የነበረች ልጃገረድ ርጥቡ ጆሮዋ የገጠመው የሸራ መጠለያ ነው። የመንደሯ እኩዮች ተበትነዋል፣ የምታወጣዋ ሌላ ቦታ ናት። እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር ዳግም ከበሮ እንዲይዙ ማድረግ ከጨዋታ የበለጠ ነገር ነው፤ አሁን ያልተተከለ በሠላሳ ዓመታቸው ለመትከል ይከብዳል።

ስለዚህ እስከ ነሐሴ ድረስ የሚሠራ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ስልክ ያላችሁ ወጣቶች፣ አያታችሁ በልጃገረድነታቸው ያዜሙትን ቅረጹ። ለብቻቸው አስቀምጣችሁ «ዝፈኑልኝ» አትበሏቸው፤ የሻደይ ዜማ ተቀባይ ይፈልጋል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ «ረሳሁት» ይላሉ። ሁለት ሦስት እኩዮቻቸውን ጥሩ፣ ቡና ይፈላ፣ ከበሮ ይቅረብ። የመርሳት ሕመም ያለባቸውም ቢሆኑ ተስፋ አትቁረጡ፤ ድሮ የታወቀ ዜማ የሚቀመጥበት የአንጎል ክፍል ከሌላው ዘግይቶ የሚጎዳ መሆኑን በ2015 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ላይ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። ስልኩን ከበሮው አጠገብ አታኑሩት፤ ድምፁን ይውጠዋል። ወደ አውጪዋ አፍ አስጠጉና ከበሮውን ከወዲያ በኩል አድርጉ። ሲጨርሱ በዚያው ቅጂ ላይ ጠይቁ፤ ይህን የት መንደር ተማሩት? ስንት ዓመትዎ ነበር? አውጪዋ ማን ነበረች? ግጥሙ በኽምጣና ከሆነ ትርጉሙን እሳቸው ራሳቸው በአንደበታቸው ይንገሯችሁ፣ ቀኑንና ቀበሌውን ተናግራችሁ ዝጉት። አያቲቱ ፈቃድ ከሰጡ ቅጂውን ለታናናሾቻችሁ አሰሙ፤ ሻደይ ላይ ከግጥሞቹ አንዷን ያውጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ከበሮ አሠራርና ስለ ቆዳው አወጣጠር እንነጋገራለን።